ሞተር ከማውረድ በፊት

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። አሮጌ መኪናም አንዳንዴ በሽታውን ይደብቃል። ሾፌሩ «መንገድ ላይ አልስብ ይለኛል» ብሎ ያመጣዋል፤ ጋራዥ ግቢ ውስጥ ሲነሳ ደህና ነው። በእኔ አመለካከት የመካኒክ ችሎታ የሚለየው እንዲህ መጣ ሄድ በሚል ብልሽት ላይ ነው።

በአካባቢያችን ለዚህ ችግር ሁለት መልሶች ተለምደዋል፤ «የእንጅባራ ከፍታ ነው» እና «ሞተሩ ደክሟል፣ ይውረድ»።

ከፍታ ጉልበት መቀነሱ እውነት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በሩብ ያህል ያንሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም የሚያገኘው አየር በዚያው ልክ ይቀንሳል። ከፍታ ግን ጠዋትም ማታም ያው ነው። ከዳንግላ ሲመጣ አቀበት ላይ ደክሞ፣ አሥር ደቂቃ ቆሞ ያንኑ አቀበት የሚወጣ መኪና በከፍታ ሊሳበብ አይችልም። የፒስተን ሪንጉ ያለቀ ሞተርም እንደዚሁ ነው፤ አሥር ደቂቃ አርፎ ወጣት አይሆንም።

ለትብብር ሥልጠና በወጣሁበት ጊዜ አንድ አሮጌ አይሱዙ መጣ። ባለቤቱ ሌላ ቦታ ኖዝል አስለውጦ፣ ፓምፕ አሳይቶ ብዙ ብር ጨርሷል። አሠልጣኛችን ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ሾፌሩን «መቼ ነው የሚደክመው? ስንት ሰዓት ከሄደ በኋላ?» ብሎ ጠየቀው። ከዚያ እንደደከመ የነዳጅ ታንኩን ክዳን ሲያላላው አየር ፉጨት እያሰማ ገባ። የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ በጭቃ ተደፍኗል። ናፍጣው ሲቀንስ ቦታውን የሚተካ አየር ስለማይገባ ፓምፑ መሳብ ያቅተዋል፤ መኪናው ሲቆም አየር ቀስ ብሎ ሾልኮ ይገባና ጉልበቱ ይመለሳል። መድኃኒቱ ቀጭን ሽቦ ነበር።

ሁሉም እንዲህ ይቀላል ማለቴ አይደለም። ቅደም ተከተል ግን አለው። ናፍጣ ሞተር ጥቁር ጭስ እየተፋ ከደከመ አየር አንሶታልና የአየር ፊልትሮውንና ቱቦውን እንይ። ያለ ጭስ ከደከመ ነዳጅ አልደረሰውም ብለን እንጠርጥር። ያኔ ፊልትሮውንና ውኃ መለያውን እንይ፤ መሳቢያው መስመር ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ አስገብተን የአየር አረፋ መኖሩን እንፈትሽ። ቀጥሎ ንጹሕ ናፍጣ ከጀሪካን በቀጥታ ለፓምፑ እንስጠው። ጉልበቱ ከተመለሰ ጥፋቱ ከታንኩ ወይም ከመስመሩ ነው። ሲሞቅ የሚደክም ያረጀ ፓምፕም አለ፤ ቤንዚን ሞተር ላይም ሲግል የሚያቋርጥ ቦቢና አለ። እነዚህን የምንይዛቸው ሞተሩ በጋለበትና በደከመበት ሰዓት ስንለካ ነው እንጂ ቀዝቅዞ ደህና ሲሆን አይደለም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ደንበኛ ለዕቃ እንጂ ለማሰብ አይከፍልም» ይላሉ። አባባሉ እውነት አለው፤ ጋራዦች ለምርመራ ብቻ ማስከፈል አልለመዱም። ግን ባለንብረቱ አሁንም እየከፈለ ነው፤ የሚከፍለው ለግምት ነው። የምርመራው ሂሳብ አስቀድሞ ቢነገረው የሚጠላ አይመስለኝም። እዚህ አገር ፈረስ ሲያነክስ ኮቴውን አንስቶ ሳያይ ወደ ገበያ የሚነዳው የለም፤ መኪና ለምን ከዚያ ያንሳል?

ነገሩ ወደፊትም ይብሳል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጪ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። አሁን ያሉት የነዳጅ መኪኖች በእጃችን ላይ ያረጃሉ ማለት ነው። የሾፌሩ፣ የረዳቱና የቤተሰባቸው እንጀራ በነሱ ላይ ነው፤ ተሳፋሪ ይዞ አቀበት መሀል መቆሙም ለሕይወት ያሰጋል።

ስለዚህ ለክፍላችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። የተግባር ፈተናችን በአብዛኛው ፈቶ መግጠም ነው። ከዚህ በኋላ መምህራን ብልሽት ደብቀው ሞተሩን ይስጡን፤ እኛም የጠየቅነውን፣ የለካነውንና ያገለልነውን በወረቀት ጽፈን እናስረክብ። ውጤት የሚሰጠውም ቁልፍ ከመነሳቱ በፊት ለተሠራው ሥራ ይሁን።