የአራት ዓመት ድካም በጥቂት ቀን ፈተና ይመዘናልን?

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አባቶች። እኛም ስለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አፈጻጸም የምንለውን ከሥሩ እንጀምር።

አንድ ተማሪ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አራት ዓመት ይማራል። በየመንፈቀ ዓመቱ ይፈተናል፤ የቤት ሥራ ይሠራል፤ ማርኩ በሪፖርት ካርዱ ላይ ይሰፍራል፤ ወላጁም ይፈርምበታል። ጊዜው ደርሶ ሚዛኑ ሲቀርብ ግን ይህ ሁሉ ወረቀት ከሚዛኑ አይወጣም። የሚመዘነው በ12ኛ ክፍል መጨረሻ በጥቂት ቀኖች ውስጥ የሚሰጠው ብሔራዊ ፈተና ብቻ ነው። የፈተናው ድምር ግማሽ ከሞላ የዩኒቨርሲቲ በር ይከፈታል፤ ካልሞላ የአራቱ ዓመት ድካም እንዳልነበረ ይሆናል። ይህ ፍርድ ነው ወይስ ዕጣ? ብለን እንጠይቃለን።

ቁጥሩን እንመልከት። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፥ ማለት ከመቶ 3.3 ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ከ845,099 ተፈታኞች 27,267፥ ማለት ከመቶ 3.2 አለፉ። በ2016 ዓ.ም. ከመቶ 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 ሆነ። መሻሻሉን አንክድም። ነገር ግን ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት ወድቀው ሳለ «ተሻሻለ» ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ለማንም አይገባም።

አንዳንድ ሰዎች ይህን ቁጥር ሲሰሙ «ትውልዱ ሰነፈ» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። ለእነዚህ ሰዎች አንድ ጥያቄ አለን። በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በአንድ ክፍል ውስጥ ሰነፍ መኖሩ የታወቀ ነው። ነገር ግን በአንድ ትምህርት ቤት ሙሉ አንድ እንኳ ጎበዝ ሳይገኝ ሲቀር፥ ያውም ይህ ከሺህ በሚበልጡ ትምህርት ቤቶች ሲደርስ፥ የሰነፈው ልጁ ነው ወይስ በቂ አስተማሪ፥ መጽሐፍና ቤተ ሙከራ ሳያቀርብ ልጁን ለፈተና የሰደደው አስተዳደር?

ስንናገር ግን በእውነት እንናገር። ፈተናው ይላላ፥ ኩረጃው ይመለስ የምንል አይደለንም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ እንደ ተሰረዘ አንረሳም። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እንዲሰጥ መደረጉ ለብዙ ጊዜ ተሸፋፍኖ የኖረውን ጉድ ገልጦታል፤ ይህንንም እንደግፋለን። የትኩሳት መለኪያውን ማንም ጤነኛ ሰው አይሰብርም። ትኩሳቱን ለክቶ በሽተኛውን ያለ መድኃኒት ማሰናበት ግን ሕክምና አይባልም።

ደግሞስ መለኪያው የሚመጣው መቼ ነው? ከ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና በኋላ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሆነ መዛኝ ልጁን የሚያየው 12ኛ ክፍል ሲደርስ ነው። ቀድሞ በመካከል የነበረው የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል። በ9ኛ ክፍል ሒሳብ ያልገባው ልጅ ማርክ እየተጨመረለት 10ኛን ያልፋል፥ 11ኛን ያልፋል፤ ድክመቱን በጊዜው የሚነግረው የለም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መልሱ ከእኛ ሩቅ አይደለም። እኛ በዚህ ግቢ የምንማረው በክሬዲት ነው። አንድ ኮርስ የወደቀ ተማሪ ያንኑ ኮርስ ይደግማል እንጂ ያለፋቸው ኮርሶች አይፋቁበትም። ደክሞ ያገኘው ክሬዲት የራሱ ሀብት ነው። ይህ ሥርዓት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ትክክል ከሆነ ለ12ኛ ክፍል ተማሪ ስለምን ስሕተት ይሆናል? በሁለት ትምህርት ከፍ ያለ ውጤት አምጥቶ በሌሎቹ የወደቀ ልጅ፥ ድምሩ ስላልሞላ ብቻ፥ ምንም እንደማያውቅ ሰው ተቆጥሮ ይመለሳል። ያወቀውን እንኳ የሚመሰክርለት የለም።

ክሬዲት ብቻውን ፈውስ ነው አንልም። የዚህ ሥርዓት አገር አሜሪካ ናት። በ1906 እ.ኤ.አ. ገደማ የካርኔጊ ድርጅት ለኮሌጅ አስተማሪዎች ጡረታ ለመክፈል ሲነሣ፥ ከጡረታው ለመካፈል የሚፈልግ ኮሌጅ ከሚቀበላቸው ተማሪዎች 14 የሁለተኛ ደረጃ ዩኒት እንዲጠይቅ ደነገገ። አንዱ ዩኒት በአንድ ትምህርት 120 ሰዓት ያህል በክፍል መማር ማለት ነበር። ጉድለቱም ከዚሁ ይጀምራል፤ ሰዓት ብቻ የሚቆጥር ሥርዓት መቀመጥን ይለካል እንጂ ማወቅን አይለካም። በማሳቹሴትስ ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. ሕዝቡ በድምፁ የግዛቱን ፈተና ከምረቃ ግዴታነት አውጥቶታል። እነርሱ ፈተናውን ትተው በክሬዲት ሲቆሙ፥ እኛ ክሬዲቱን ሳናውቀው በፈተና ብቻ ቆመናል። ሁለቱም በአንድ እግር መቆም ነው።

«የትምህርት ቤት ማርክ አይታመንም» የሚል መልስ እንደሚመጣብን እናውቃለን። እውነት ነው፤ እንዲሁ በቁሙ አይታመንም። ነገር ግን የትምህርት ሚኒስቴር ራሱ መንገዱን አሳይቷል። ግማሽ ላላመጡ ተማሪዎች ሪሚዲያል የተባለው የማካካሻ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር፥ ከመቶው 70 ከማዕከል በሚወጣ ፈተና፥ 30 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው በሚሰጠው ማርክ እንዲሆን ተደረገ። ለወደቀ ተማሪ የተፈቀደ ሚዛን ሳይወድቅ በፊት ስለምን ተከለከለ?

ስለዚህ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፥ ተማሪው ያለፈው ትምህርት ይያዝለት። የወደቀውን ብቻ አጥንቶ እንደገና ይፈተን።

ሁለተኛ፥ የአራቱ ዓመት ሥራ ከመቶ 30 ይቆጠርለት። ማርኩም ከብሔራዊ ፈተናው ውጤት ጋር ይነጻጸር፤ ትምህርት ቤቱ ያለ አግባብ ያበዛው በዚያው ልክ ይቀነስ። ያን ጊዜ ማርክ መለገስ ለማንም አይጠቅምም።

ሦስተኛ፥ በ10ኛ ክፍል መጨረሻ በእንግሊዝኛና በሒሳብ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የተዘጋጀ ፈተና ይሰጥ። ይህ ልጁ የሚባረርበት ሳይሆን ድክመቱ ጊዜ ሳለ የሚታወቅበት ይሁን። የየትምህርት ቤቱ ውጤት በይፋ ይገለጥ፤ አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት በተገኘ ጊዜም አስተዳደሩ ይጠየቅ።

መምህሮቻችን ሆይ! ይህ ጉዳይ የእናንተም ነው። የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ የሰጠው ማርክ ዋጋ ሲያጣ የአስተማሪነት ክብር አብሮ ይወድቃል። ነገሩም ከእናንተ ደጅ ደርሷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ክሬዲቱን ሁሉ የጨረሰ ተማሪ የመውጫ ፈተና ካላለፈ ዲግሪ አይሰጠውም። ዛሬ የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪው ማርክ እንደማይቆጠር ዝም ብላችሁ ካያችሁ፥ ነገ የእናንተ ማርክ በዚያው ዐይን ቢታይ ለማን አቤት ትላላችሁ?

ጓደኞቻችን ሆይ! «እኛ አልፈናልና አይመለከተንም» የሚል ድምፅ በየዶርሙ ይሰማል። ወንዙን የተሻገረ ሰው በወዲያኛው ዳር የቀረውን ወንድሙን «ዋና አታውቅም» ብሎ ሲሳለቅበት ማየት ያሳፍራል። ይልቅስ ዋና ያላስተማረው ማን እንደሆነ ይጠየቅ። የተማሪዎች ኅብረታችን እነዚህን ሦስት ነጥቦች በጽሑፍ አድርጎ ለትምህርት ሚኒስቴር እንዲያቀርብ፥ በትምህርት ጉዳይ የሠለጠኑ መምህሮቻችንም ሐሳቡን አርመውና አጠንክረው እንዲረዱን እንጠይቃለን። በየዓመቱ ውጤት ከተነገረ በኋላ ማልቀስ ልማድ ሆኗል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን የሚመጣው ውጤት ሳይነገር ዛሬውኑ እንነሣ!