የተጠና ቃልና የተነገረ ቃል

ሰው ባዕድ ቋንቋ ሊማር ሲነሣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ቃል መሰብሰብን ነው። ተማሪው ደብተሩን በሁለት ከፍሎ፣ በአንዱ ወገን እንግሊዝኛውን፣ በሌላው ወገን አማርኛውን እየጻፈ ገጹ በሞላ ቍጥር ደስ ይለዋል፤ ወላጆቹም ይህን አይተው ደስ ይላቸዋል። ትጋቱ የሚያስመሰግን መሆኑን ማንም አይክድም። ነገር ግን የተሰበሰበ ቃል ሁሉ ለሰብሳቢው ሀብት ይሆነዋል ማለት አይደለም። ጎተራው ሙሉ የሆነ ሰው መፍጨትና መጋገር ካላወቀ ከረኀብ አይድንምና።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በቤታችን የሆነ አንድ ነገር ነው። ከዘመዶቻችን አንዱ ልጅ፣ ስምንተኛ ክፍልን ፈጽሞ ለዘጠነኛ የሚሰናዳ፣ በክረምት ከእኛ ዘንድ ሰንብቶ ነበር። በየቀኑ 30 የእንግሊዝኛ ቃል ከመዝገበ ቃላት እየቀዳ ያጠናል። ማታ ማታ ደብተሩን ተቀብለን ስንጠይቀው አንድም አይስትም፤ እኛም በልባችን «ይህስ ልጅ ተምሯል» እንል ነበር። አንድ ቀን ግን አንድ የውጭ አገር ሰው በደጃችን ሲያልፍ ወደ ገበያ የሚወስደውን መንገድ ቢጠይቀው፣ ልጁን ላብ አጠመቀው፤ ምላሱም ተሳሰረ። «ቀጥታ»፣ «ግራ»፣ «ቀኝ» ማለትን ያጠናው ገና በልጅነቱ ነበር። ሰውዬው አመስግኖ ከሄደ በኋላ፣ «ሁሉንም ዐውቀዋለሁ፤ ነገር ግን አንዱም አልመጣልኝም» አለን።

እኛም በዚያች ሰዓት ያደረግነውን መደበቅ አይገባንም፤ ሣቅንበት። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ቤቱ እስኪመለስ ድረስ በፊታችን አንድም የእንግሊዝኛ ቃል አልተነፈሰም። ደብተሩንም እንድንጠይቀው አላመጣልንም።

ነገሩን ቀላል አድርጎ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ፣ እንግሊዝኛም ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲጠና፣ በሁለተኛ ደረጃ ግን የማስተማሪያው ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። እንግዲህ ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን እንዴት እንደሚያሰናዳ በአማርኛ አጥርቶ የተረዳ ልጅ፣ ከፍ ወዳለው ክፍል ሲሻገር ያንኑ ነገር «ፎቶሲንተሲስ» በሚል ስም ያገኘዋል። ቃሉን እንደ ድግምት ሸምድዶ ፍቺውን ቢደግም ፈተናውን ያልፍ ይሆናል። ነገር ግን ያ ስም ከጓሮው ቅጠል ጋራ ካልተገናኘለት፣ በሁለት ቋንቋ መካከል ቆሞ ዕውቀቱን እንደ ማጣት ይቈጠራል።

የእንግሊዝኛ ቃላት ብዛት ብዙዎችን ያስፈራል። ፍርሃቱም ያለ ምክንያት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት 20 ጥራዝ ነው። ሆኖም ማይክል ዌስት የተባለ እንግሊዛዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1953 ለተማሪዎች ይበልጥ የሚጠቅሙትን ወደ 2000 የሚጠጉ ቃላት በዝርዝር አወጣ። እነዚህ ቃላት በተራ ጽሑፍ ውስጥ ከሚገኙት ከመቶው ሰማንያ ያህሉን እንደሚሸፍኑ ከዚያ በኋላ የተመራመሩ ሊቃውንት ገልጠዋል። በቀን 30 ከሚያጠናው ልጃችን አቈጣጠር ቢሆን፣ ይህ ሁሉ በአንድ ክረምት ተፈጽሞ ባረፈ ነበር። ታዲያ ስለ ምን አልተፈጸመም?

ምክንያቱ አንድ ቃል ብቻውን የማይኖር መሆኑ ነው። «ቴክ» የሚለውን ቃል እንመልከት። በልጁ ደብተር «ወሰደ» ተብሎ ተጽፏል፤ ስሕተትም አይደለም። ነገር ግን እንግሊዞች መድኃኒት ሲውጡ «ቴክ» ይላሉ፤ ፎቶግራፍ ሲያነሡ «ቴክ» ይላሉ፤ ሥራው ጊዜ ፈጀ ለማለትም «ቴክ» ይላሉ። በእኛ ዘንድ ሦስት ግሥ የሆነው በእነርሱ ዘንድ አንድ ነው። በአንጻሩ እኛ በሩንም ሬዲዮኑንም «ክፈት» እንላለን፤ እንግሊዝ ግን ለበሩ «ኦፕን» ሲል ለሬዲዮኑ «ተርን ኦን» ይላል። ስለዚህ ቃሉን ከጎረቤቶቹ ለይቶ የሸመደደ ሰው፣ ስሙን እንጂ ጠባዩን የማያውቀውን ሰው እንደ ወዳጁ ይቈጥራል። ሊቁ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላቱ፣ ቃሉን ከነፍቺው ብቻ ሳይተው በዐረፍተ ነገር ውስጥ እያስገባ ያሳየው ስለዚህ ነው።

ይህን ምስጢር የአብነት መምህራኖቻችን ከጥንት ያውቁታል። በቅኔ ቤት ተማሪው የግእዙን ግሥ ከነአማርኛ ፍቺው ያጠናል፤ እስከዚህ ድረስ ከልጃችን ደብተር ጋራ አንድ ነው። የሚለየው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ተማሪው ቃል እስኪትረፈረፍለት ድረስ አይጠብቅም፤ ጸጥ ወዳለ ስፍራ ሄዶ፣ በያዛት ጥቂት ቃል የራሱን ቅኔ ይቈጥራል። የሚጀምረውም ከባለ ሁለት ቤቱ ከጉባኤ ቃና ነው። ከዚያም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ የሳተውን መምህሩ ያርመዋል፤ በማግሥቱ ደግሞ ሌላ ይቈጥራል። ጉባኤ ቃና የተሳካለት ወደ ተከታዩ እያለፈ፣ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይደርሳል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ።

ልብ ማለት የሚገባን ይህ ነው፤ ግእዝ በየትኛውም ቤት የአፍ መፍቻ ቋንቋ አይደለም፤ በገበያም አይነገርም። ሆኖም የቅኔው ተማሪ በዚህ ቋንቋ ዐዲስ ሐሳብ ይፈጥርበታል፤ የተማረውን ቃል ሳያሳድር ይሠራበታልና። እንግዲህ «በቤታችን እንግሊዝኛ የሚናገር ስለሌለ ልጃችን አይለምድም» የምንል ወላጆች ምክንያታችን ብዙ አያስኬድም። የሚያስፈልገው ቋንቋውን የሚያውቅ ቤት ብቻ አይደለም፤ የሚሰማና የሚታገሥ ቤትም ነው።

ስለዚህ ለእናቶችና ለአባቶች የምንመክረው፣ እንግሊዝኛ ሳይጠይቅ በየቤቱ ሊፈጸም የሚችል ነው።

አንደኛ፤ ቍጥሩን እናሳንስለት። በቀን 5 ቃል ይበቃዋል። ነገር ግን ለእያንዳንዱ ቃል ከራሱ ኑሮ የወጣ አንድ ዐረፍተ ነገር ይሥራለት፤ ስለ እኅቱ፣ ስለ ቡናው ጀበና፣ ስለ ትናንቱ ዝናብ ይናገርበት። ከመጽሐፍ የተቀዳ ዐረፍተ ነገር የመጽሐፉ ነው፤ ራሱ የሠራው ግን የራሱ ነው።

ሁለተኛ፤ ያጠናው ቃል ተመልሶ ይጠየቅ። ሔርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በራሱ ላይ ሲመራመር ቈይቶ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ያጠናውን አብዛኛውን የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደ ሆነ፣ በአንድ ጊዜ ተደራርቦ ከሚጠና ይልቅ በየቀኑ ተከፋፍሎ የሚጠናው እንደሚጸና አሳየ። ስለዚህ የዛሬው ቃል ነገ፣ ከዚያም ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ ይጠየቅ።

ሦስተኛ፤ ቃሉን ከነቤተ ሰቡ ይወቀው። የእኛ ልጆች ለዚህ የተሰናዳ አእምሮ አላቸው፤ ከ«ጻፈ» ውስጥ ጸሐፊ፣ ጽሕፈት፣ መጽሐፍ፣ መጻፊያ እንደሚወጡ ማንም ሳይነግራቸው ያውቃሉ። እንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው፤ ጥንቃቄ የሚባለውን «ኬር»ን የያዘ ልጅ፣ «ኬርፉል» ጥንቁቅ፣ «ኬርለስ» ግድ የለሽ፣ «ኬርለስነስ» ግድ የለሽነት እንደ ሆኑ ቢነገረው፣ በአንድ ቃል ድካም አራት ያተርፋል።

አራተኛ፤ እንግሊዝኛውን በፊደላችን ብቻ ጽፎ አይለፈው። ፊደላችን ድምፁን ለማስታወስ ይረዳል እንጂ አጻጻፉን ይሰውራል። ቢላዋን «ናይፍ» ብሎ ብቻ የያዘ ልጅ፣ ቃሉ የሚጀምረው ዛሬ በማይነበብ «ኬ» መሆኑን በፈተናው ቀን ይማራል።

አምስተኛ፤ በአማርኛችን የገባውን የእንግሊዝኛ ቃል ሁሉ አይመነው። እኛ «ሚኒስትሪ ተፈተነ» ስንል የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ማለታችን ነው፤ እንግሊዙ ግን መሥሪያ ቤቱን ይረዳዋል። ባለ ሁለት እግሩን ተሽከርካሪ «ሞተር» እንለዋለን፤ ለእንግሊዙ ግን «ሞተር» የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ ነው። ቃሉ አገራችን ገብቶ ዐዲስ ትርጕም ይዟል፤ ልጁም ሁለቱን ለይቶ ይወቅ።

ስድስተኛና ዋናው፤ አንሣቅ። ልጅ በስሕተቱ ሲሣቅበት ቋንቋውን አያርምም፤ አፉን ይዘጋል። የቅኔ መምህር የተማሪውን ስሕተት ሊያርም የሚችለው ተማሪው ደፍሮ ሲነግር ነው፤ ያልተነገረ ስሕተት አይታረምምና።

እኛም ይህን የተማርነው ዘግይተን ነው። ልጁ ከሄደ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስልክ ደውለን ይቅርታ ጠየቅነው፤ በየእሑዱም እየደወለ 3 ቃል እንዲያስተምረን ለመንነው። በመጀመሪያ አፈረ፤ ሽማግሌ ተማሪ ማግኘቱ ሳያስቀው አልቀረም። ቃሉን ሲያስረዳን ግን ዐረፍተ ነገር መሥራት ነበረበት፤ እኛ ስንስት እያረመ፣ እርሱ ሲስት እየተመለሰ፣ ሳያውቀው መናገር ጀመረ።

ከነዚያ እሑዶች በአንዱ ድምፃችን ጐርንኖ ሲሰማን ምን እንደ ሆነ ጠየቀን። ጉንፋን እንደ ያዘን ነገርነው። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ጋሼ፥ በአማርኛ ጉንፋኑ እርስዎን ያዘዎት፤ በእንግሊዝኛ ግን ጉንፋኑን የያዙት እርስዎ ነዎት» አለን። ቀጥሎም «አይ ኮት ኤ ኮልድ» ብሎ እንድንደግም አዘዘን። ደገምነው፤ አሁንም ሣቅን። ይህን ጊዜ ግን እርሱም አብሮን ሣቀ። ያን ቃል በየትኛው ደብተር እንደ ጻፈው አልጠየቅነውም፤ ከእንግዲህ ደብተሩ ቢጠፋ እንኳ አይጠፋበትምና።

ወላጆች ሆይ፥ ዛሬ ማታ ልጃችሁ ደብተሩን ይዞ ሲቀመጥ «ስንት ቃል ያዝህ?» ብላችሁ አትጠይቁት። «እስቲ በአንዱ አንድ ነገር ንገረኝ» በሉት፤ ከዚያም ሥራችሁን ትታችሁ አድምጡት።