በራሱ ጨዋታ የተወራረደ ተጨዋች ይቀጣል፤ ፖለቲከኛውስ?

ኪራን ትሪፒየርን የማያውቅ የስፖርት ቤተሰብ የለም። ይህ የቀድሞ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተከላካይ እ.ኤ.አ በ2019 ክረምት ከቶተንሃም ወደ አትሌቲኮ ማድሪድ ሲዛወር፣ ወሬው ገና አደባባይ ሳይወጣ ለወዳጆቹ ሹክ ብሏቸው ነበር። ወዳጆቹ ደግሞ ጊዜ አላጠፉም። «ትሪፒየር ማድሪድ ይገባል» ብለው ገንዘባቸውን አስያዙ። ትሪፒየር እኔ ራሴ አልተወራረድኩም ቢልም የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር አልማረውም። በታህሳስ 2020 ለ10 ሳምንት ከሜዳ አገደው፤ 70 ሺህ ፓውንድም አስከፈለው። ጥፋቱ አፉ ነበር።

ዳንኤል ስተሪጅም ያው ነው። እ.ኤ.አ በጥር 2018 ስለሚገባበት ክለብ ለወንድሙ የውስጥ ወሬ ነግሮ እንዲወራረድ አድርጓል ተብሎ በ2020 የአራት ወር ዕገዳ ሲጣልበት፣ የቱርኩ ትራብዞንስፖር ቅጣቱ በተሰማበት ዕለት ኮንትራቱ መቋረጡን አሳወቀ። እግር ኳስ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አያውቅም።

አሁን ከሜዳ ወጥተን ለንደን፣ ዳውኒንግ ስትሪት እንግባ። እ.ኤ.አ ግንቦት 22 ቀን 2024 ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ ዝናብ እየደበደባቸው ከቢሮአቸው ደጃፍ ቆመው ሀገራዊ ምርጫው ሐምሌ 4 እንደሚካሄድ ተናገሩ። ብዙው ሰው ምርጫውን የሚጠብቀው በመኸር ስለነበር ሀገሩ ተደናገጠ። አንድ ሰው ግን የተደናገጡ አይመስልም። የጠቅላይ ሚኒስትሩ የፓርላማ የቅርብ ረዳት የነበሩት የምክር ቤት አባል ክሬግ ዊሊያምስ፣ ከማስታወቂያው ሦስት ቀን ቀደም ብለው «ምርጫው በሐምሌ ይሆናል» ብለው 100 ፓውንድ አስይዘው ነበር። ኦዱ 5 ለ 1 ነው። በእኛ ሰፈር ቲኬት አቆጣጠር 6.00 መሆኑ ነው። መቶዋ አምስት መቶ ወልዳ ልትመጣ!

«ይህ የስፖርት ገፅ ነው፤ የእንግሊዝ ፖለቲካ ምን አገባችሁ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። የሚያገባን በአንድ ምክንያት ነው። እንግሊዝ ሀገር የማንቸስተር ደርቢና የጠቅላይ ሚኒስትር ምርጫ የሚቆመሩት በአንድ ቤት፣ በአንድ መስኮት፣ በአንድ ዓይነት ቲኬት ነው። በጎዳና ላይ የውርርድ ቤት መክፈት እ.ኤ.አ በ1961 ህጋዊ ከሆነ በኋላ ገና በሦስተኛው ዓመት በ1963 ጠቅላይ ሚኒስትር ሃሮልድ ማክሚላን ሲለቁ ላድብሮክስ «ማን ይተካቸዋል?» ብሎ ኦድ አወጣ። ግምቱ ለራብ በትለር ያደላ ነበር። የተሾሙት ግን አሌክ ዳግላስ ሆም ናቸው። የፖለቲካ ውርርድ ገና በመክፈቻው ጨዋታ ተወራራጁን በላው ማለት ነው።

ኦድ ትንቢት አይደለም

ብዙዎቻችን ኦድን እንደ ትንቢት እናየዋለን። «1.20 ነው፤ ያለቀለት ጨዋታ ነው» እንባባላለን። ኦድ ግን ገንዘብ የት እንደተቀመጠ የሚያሳይ ሚዛን ነው። አወራራጁ መነሻ ዋጋ ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ገንዘብ በበዛበት በኩል ዋጋውን ይቀንሳል፣ ባነሰበት በኩል ይጨምራል። የሚጠነቀቀው ለካዝናው እንጂ ለእውነቱ አይደለም።

ለዚህ ከ2016 የተሻለ ምስክር የለም። በዚያ ዓመት ግንቦት ወር፣ በውድድሩ መጀመሪያ 5000 ለ 1 የተሰጠው ሌስተር ሲቲ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሳ። አንድ ወር ከምናምን ቆይቶ ሰኔ 23 እንግሊዞች ከአውሮፓ ህብረት እንውጣ ወይስ እንቆይ ብለው ድምፅ ሰጡ። በዕለቱ የውርርድ ገበያው «እንቆያለን» ለሚለው ወገን ከ80 በመቶ በላይ ዕድል ይሰጥ ነበር። ውጤቱ ሲቆጠር 51.9 በመቶው «እንውጣ» ብሎ አረፈው!

ነገሩ የገለጠው ጉድ ግን ሌላ ነው። አወራራጆቹ ራሳቸው እንደተናገሩት፣ በቲኬት ብዛት ከሄድን አብዛኛው ሰው የተወራረደው «እንወጣለን» ብሎ ነበር። በገንዘብ መጠን ስንሄድ ደግሞ አብዛኛው ፓውንድ የተቀመጠው «እንቆያለን» ላይ ነው። በአጭሩ ሰው በአንድ በኩል፣ ገንዘብ በሌላ በኩል ተሰልፈዋል። ኦዱ የሰማው ገንዘቡን ነው። ምርጫ ላይ ግን መቶ ሺህ ፓውንድ ያስያዘውም አምስት ፓውንድ ያስያዘውም ያላቸው ድምፅ አንድ አንድ ብቻ ነው። ሌሊቱን ቆጠራው ሲጀመር ኒውካስል በጠባብ ልዩነት «እንቆይ» አለች። ቀጥላ የደርቢ ተቀናቃኟ ሰንደርላንድ 61 በመቶ «እንውጣ» ብላ ስትመጣ፣ ገበያው ባንዴ ተገለባበጠ። ያቺ ሌሊት ለሰንደርላንድ ደጋፊ ከስንት ደርቢ የበለጠች ሳትሆን አትቀርም።

ከዚያ በፊት በ2015ም ጄረሚ ኮርቢን ለሌበር ፓርቲ መሪነት ሲወዳደሩ 100 ለ 1 ተሰጥቷቸው ነበር፤ በመስከረም 59.5 በመቶ ድምፅ አግኝተው አሸነፉ። የሌስተርም፣ የኮርቢንም፣ የ«እንውጣ»ም ተወራራጅ ንፁህ ገንዘብ በላ። ማንም ምንም አላወቀም፤ ሁሉም በጨለማ ነው የወረወረው። ውርርድ ፍትሃዊ የሚሆነው፣ ሊሆን ከቻለ፣ ሁሉም እኩል ጨለማ ውስጥ ሲቆም ነው።

ገንዘቡ ቀድሞ ሲያውቅ

2024 የተለየው እዚህ ላይ ነው። በ2016 ገንዘቡ የተሳሳተው ባለማወቁ ነው። በ2024 ግን ገንዘቡ አለቅጥ ልክ ሆነ። ሱናክ ወደ ዝናቡ ከመውጣታቸው በፊት በነበሩት ቀናት የሐምሌ ምርጫ ኦድ ሲወርድ ታይቷል። ሀገር ሁሉ መኸርን ሲጠብቅ ሐምሌን የሚያሳድድ ገንዘብ ከየት መጣ? ኳስ ላይ እንዲህ ዓይነት ነገር ሲታይ፣ ለምሳሌ በማይታወቅ የሦስተኛ ዲቪዚዮን ጨዋታ ላይ ድንገት ገንዘብ ሲጎርፍ፣ መርማሪዎች ወዲያው ስልክ ያነሳሉ።

እዚህም ተነሳ። የብሪታኒያ የቁማር ኮሚሽን ምርመራ ከፈተ። ዊሊያምስ መወራረዳቸውን አምነው ይቅርታ ጠየቁ። ወግ አጥባቂ ፓርቲ ምርጫው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ድጋፉን ነሳቸው፤ ወንበራቸውንም አጡ። በሚያዝያ 2025 ኮሚሽኑ ዊሊያምስን ጨምሮ በ15 ሰዎች ላይ ክስ መሰረተ። ከተከሳሾቹ መካከል የፓርቲው የቅስቀሳ ሠራተኞች የነበሩና የቀድሞ ፖሊስም አሉበት። ክስ ማለት ጥፋተኛ መባል አይደለምና ፍርዱን ለፍርድ ቤት እንተወው። በተቃራኒው ጎራ ደግሞ አንድ የሌበር ዕጩ በራሱ የምርጫ ወረዳ «እሸነፋለሁ» ብሎ መወራረዱ ተሰምቶ ከፓርቲው ታግዶ ነበር። በእኛ ቋንቋ በረኛው «ዛሬ ጎል ይገባብኛል» ብሎ ቲኬት ቆርጦ እንደመግባት ማለት ነው!

«መቶ ፓውንድ ምን አላት? የተጎዳውስ ማን ነው? ቢበዛ አወራራጁ ድርጅት ነው፤ እሱ ደግሞ የስንቱን በልቶ የለ እንዴ» የሚሉ አሉ። እኛም ለአወራራጅ ድርጅት የምናለቅስበት እንባ የለንም። ነገር ግን ድርጅቱ የተበላውን ከኪሱ አይከፍልም። ለሌላው ተወራራጅ የሚሰጠውን ዋጋ ቆንጠር አድርጎ ያካክሰዋል። እንደ ቤትፌር ባሉት፣ ሰው ከሰው ጋር በቀጥታ በሚወራረድባቸው ገበያዎች ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። እዚያ ያወቀው የሚበላው ያላወቀውን ነው። የሊድስ ታክሲ ነጂ «ምርጫው በመኸር ነው» ብሎ ሃያ ፓውንድ ቢያስይዝ፣ ወዲያ ማዶ የተቀመጠው ቀኑን በጆሮው የሰማ ሰው ሊሆን ይችላል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይህ ነው።

ከገንዘቡ የሚከፋም አለ። የምርጫ ቀን መቁረጥ የሀገር ውሳኔ ነው። ቀኑን የሚያውቁ ሰዎች ቲኬት በኪሳቸው ይዘው ስብሰባ ከገቡ፣ ምክር የሚሰጡት ለሀገር ይሁን ለቲኬታቸው በምን ይለያል? ፍፁም ቅጣት ምት የሚስት ተጨዋች ሁሉ ተሸጠ እንዳይባል ነው እኮ እግር ኳስ ውርርድን የከለከለው።

የኤፍ.ኤ ህግ ለፓርላማም ይሁን

የእኛ አቋም ግልፅ ነው። የብሪታኒያ ፖለቲከኞችና አማካሪዎቻቸው በፖለቲካ ላይ ጨርሶ እንዳይወራረዱ መከልከል አለባቸው። አሁን ባለው ህግ ፖለቲከኛ በምርጫ ላይ መወራረዱ በራሱ ወንጀል አይደለም። ወንጀል የሚሆነው የውስጥ መረጃ ይዞ ሲያጭበረብር ነው፤ ቅጣቱም እስከ ሁለት ዓመት እስራት ይደርሳል። ችግሩ ማስረጃው ላይ ነው። ሰውየው ያውቅ ነበር ወይስ ገምቶ ነው? መርማሪ የሰው ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ማየት አይችልም።

የእንግሊዝ እግር ኳስ ማህበር ይህን ጣጣ እ.ኤ.አ በ2014 ገላገለ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በህጉ የሚገዛ ተጨዋችና አሠልጣኝ በየትኛውም የዓለም ጥግ በሚደረግ እግር ኳስ ላይ መወራረድ አይችልም። ታውቅ ነበር ወይ፣ አታውቅም ነበር ወይ ብሎ ጥያቄ የለም። ተወራርደሃል? ተቀጣሃል። ኢቫን ቶኒ 232 ጊዜ ህጉን ጥሶ ሲገኝ በ2023 ስምንት ወር ሙሉ ኳስ ተነጥቆ ቁጭ ብሏል።

በዚህ ላይ እግር ኳስን ቅዱስ ለማድረግ አይደለም። ቶኒ ሲቀጣ የብሬንትፎርድ ማልያ ደረት ላይ የተፃፈው የአወራራጅ ድርጅት ስም ነበር። ተጨዋቹን «አትወራረድ» እያሉ በደረቱ የውርርድ ማስታወቂያ ማስሮጥ ትዝብት ነው። የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ይህ ከደረት ላይ እንዲነሳ የተስማሙት ራሱ በ2023 ነው፤ ያውም እስከ 2025/26 ውድድር ማብቂያ ጊዜ ሰጥተው። ግን እግር ኳሱ ጉድለቱ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር ገብቶታል። ሜዳ ውስጥ ያለ ሰው ቲኬት አይቆርጥም።

መቼም እኛ እንኳን ስንፅፍ ተጨዋቹን «አንተ»፣ ፖለቲከኛውን «አንቱ» እያልን ነው። ክብሩ ይለያይ፤ ግድ የለም። ህጉ ግን «አንተ»ና «አንቱ» ማወቅ የለበትም። ወዳጆቹ በዝውውር ወሬ ስለተወራረዱ ተጨዋች አሥር ሳምንት የሚታገድ ከሆነ፣ የሀገር ምስጢር የሚሰማ ሰው ከዚያ በላቀ ልጓም ሊያዝ ይገባል።

ለእኛ ሀገር የኳስ ወዳጅም ትምህርቱ ሩቅ አይደለም። ቅዳሜ ከሰዓት ዲኤስቲቪ ቤት ከመግባታችን በፊት ቲኬት የምንቆርጥበት ኦድ ከዚያው ዓለም የመጣ ነው። «አንድ ጨዋታ በላኝ» ብለን ፀጉራችንን ስንነጭ ዕድላችንን እንወቅሳለን። አንዳንዴ ግን ጥፋቱ የዕድል አይደለም። ኦድ ያለ ምክንያት ዝቅ ሲል ስናይ «ያለቀለት ነው» ብለን ከመሮጣችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ይህን ገንዘብ ያስያዘው ማን ነው? ምንስ ሰምቶ?