ፕላዝማው ተናገረ፤ ተማሪው ግን አልጻፈም

በ1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አዲስ አስተማሪ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ስሙ ፕላዝማ ነው። ትምህርቱ በሳተላይት ይሰራጫል፤ የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ጅጅጋ ያለ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ካለው እኩያው ጋር በአንድ ሰዓት አንድ ዓይነት ትምህርት ይከታተላል ተባለ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ጥሩ መምህር ባልደረሰበት ወረዳ ጥሩ ትምህርት ማድረስ ማን ይጠላል?

ችግሩ የመጣው ከአሠራሩ ነው። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 30 ያህሉን ቴሌቪዥኑ ይወስዳል። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ያስተዋውቃል፣ መጨረሻ ላይ ያጠቃልላል፤ በመካከል ቆሞ ያያል። ማሳያው ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ደቂቃ ይሰጣል፣ ከዚያ ተማሪው ጨረሰም አልጨረሰም ወደ ቀጣዩ ያልፋል። እጅ ማውጣት ዋጋ የለውም፤ ፕላዝማው አያይምና። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያለፈው አልፏል።

በዚህ መንገድ ከተሰጡት ትምህርቶች ሁለቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ እንግሊዝኛ እና የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ትምህርት። አንዱ ሐሳብን አደራጅቶ መግለጽን፣ ሌላው በአገር ጉዳይ መሳተፍን ያስተምራል የተባለ ነው። ሁለቱም ግን የቀረቡት መልስ በማይቀበል መሣሪያ ነው። ስለ ተሳትፎ የሚናገር፣ ተሳትፎን ግን የማይፈቅድ ትምህርት! የሥነ ዜጋው መጽሐፍ ከዴሞክራሲ ሥርዓት ግንባታ ጀምሮ ዕውቀትን እስከ መሻት 11 ምዕራፎች ነበሩት። ከእነዚህ አንዱ «ንቁ የማኅበረሰብ ተሳትፎ» ይላል። ተማሪው ይህን ቃል በቃል ሸምድዶ ለፈተና ይጽፈዋል። ለቀበሌው አንዲት መስመር ሳይጽፍ ግን 12ኛ ክፍልን ይጨርሳል።

ይህን ታሪክ ዛሬ ማንሳት የሚያስፈልገው ያለፈውን ለመውቀስ አይደለም። አገሪቱ እንደገና መሣሪያ እየገዛች ስለሆነ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ተጀምሯል። በዚያው ዓመት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በበይነ መረብ ተሰጥቷል። ታብሌትና ኮምፒውተር ለትምህርት ቤት ማስረከብ የባለሥልጣናት የፎቶ ሥነ ሥርዓት ሆኗል። የሚቆጠረው የመሣሪያው ብዛት ነው። በመሣሪያው ማን ለማን ምን ጻፈ? ምን መልስ አገኘ? ይህን የሚጠይቅ የለም።

ጥያቄው ለሶማሌ ክልል ሰሜናዊ ከተሞች፣ ለጅጅጋ፣ ለቀብሪ በያህ፣ ለቶጎ ውጫሌ፣ ለአውበሬ፣ ለሽንሌ፣ ከሌላው አካባቢ በተለየ ይከብዳል። ምክንያቱ የአካባቢው ልጅ መከራከር ስለማያውቅ አይደለም፤ እንዲያውም ተቃራኒው ነው። የሶማሌ ሕዝብ በንግግርና በግጥም የታወቀ ነው። ሺር በሚባለው የሽማግሌዎች ጉባኤ ተናጋሪው ምሳሌ ያመጣል፣ በሔር፣ ማለትም በባህላዊው ሕግ፣ ከዚህ ቀደም የተሰጠ ፍርድ ያስታውሳል፣ የተቃራኒውን ወገን ነጥብ እያነሳ ይመልሳል። በ1970ዎቹ የሶማሊኛ ክርክር ግጥሞች በካሴት እየተቀዱ ከከተማ ከተማ ይዞሩ ነበር። ቴክኖሎጂን ለማሳመን መጠቀም እዚያ አዲስ ነገር አይደለም።

የጎደለው ይህን የአፍ ችሎታ ወደ ጽሑፍ የሚያሻግር ድልድይ ነው። ለዚህ ደግሞ ታሪካዊ ምክንያት አለ። በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት ፊደል ሊገኝ ይችላል። አያት በቁርኣን ቤት ሎህ ላይ የዓረብኛ ፊደል ቆጥረዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ሶማሊኛን ጨምሮ በ15 ቋንቋዎች ሲያስተምር የተጠቀመው የግዕዝ ፊደልን ነው። የልጅ ልጁ ደግሞ ሶማሊያ በ1972 እ.ኤ.አ. በይፋ የተቀበለችውን የላቲን ፊደል ይማራል። በየትውልዱ ፊደል ሲቀየር፣ አባት የልጁን ደብተር ማየት ሲያቅተው፣ ጽሑፍ የቤት ወግ ሳይሆን የትምህርት ቤት ዕዳ ሆኖ ይቀራል።

በዚህ ላይ ፈተናው አለ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምርጫ ጥያቄ ነው። ተማሪው «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» እያለ ያጠቁራል እንጂ አንድ ገጽ አሳማኝ ጽሑፍ አይጠየቅም። በ2014 ዓ.ም. ፈተናውን ወስደው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው አገር አስደንግጧል። ተገቢ ድንጋጤ ነው። ነገር ግን ካለፉት መካከልስ ስንቱ ደብዳቤ መጻፍ ይችላል ብሎ የደነገጠ አልተሰማም። የማይፈተን ነገር ደግሞ አይማሩትም፤ መምህሩም ተማሪውም ይህን ያውቃሉ።

ዋጋው የሚከፈለው በኋላ፣ በመሥሪያ ቤት ደጃፍ ነው። በየከተማው ፍርድ ቤት አጠገብ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። ሥራቸው የተከበረ ነው፤ ብዙ ድሃ በእነሱ ብዕር ፍትሕ አግኝቷል። ይሁን እንጂ 10ኛ ክፍል የደረሰ ወጣት የገዛ አቤቱታውን ለሌላ ሰው ከፍሎ ሲያስጽፍ ትምህርት ቤቱ ምን ሰጠው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 ሰላማዊ ስብሰባና ሰልፍ ብቻ ሳይሆን አቤቱታ የማቅረብንም መብት አስፍሯል። መጻፍ ለማይችል ሰው ይህ መብት በሌላ ሰው እጅ ያለ መብት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መልሱ ከሚታሰበው በላይ ርካሽ ነው። አንድ ክፍል አንድ ስልክ ይበቃዋል። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ድምፅ መቅጃና ካሜራ ካለው፣ በትንሽ ሶላር ከተሞላ፣ በቂ ነው። ለምሳሌ ቀብሪ በያህ ያለ የ8ኛ ክፍል መምህር የውሃን ጉዳይ ያንሳ። በዚያ አካባቢ ዝናብ ሲጠፋ ውሃ የሚገዛው ከቢርካ፣ ማለትም የጎርፍ ውሃ ከሚጠራቀምበት የሲሚንቶ ጉድጓድ ነው። «በድርቅ ጊዜ የቢርካ ውሃ ዋጋ በቀበሌ ይወሰን ወይስ ለባለቤቱ ይተው?» ብሎ ይጠይቅ። ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ ሁለቱም ወገን ክርክር አለው። ቢርካውን ያስቆፈረው ሰው ገንዘቡን አውጥቷል፤ ጄሪካን ይዛ የምትሰለፈው እናት ደግሞ ሌላ አማራጭ የላትም።

ሁለት ተማሪዎች በሶማሊኛ ሦስት ሦስት ደቂቃ ይከራከሩ፤ ስልኩ ይቅዳ። ከዚያ ክፍሉ መልሶ ያዳምጥ። ሰሌዳው ለሦስት ይከፈል፤ የተባለው ሐሳብ፣ የቀረበው ማስረጃ፣ «ሰዎች ሲሉ ሰማሁ» የተባለው። ሦስተኛው ዓምድ ሁልጊዜ ከሁለተኛው ይረዝማል። ትምህርቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው የራሱን ድምፅ ሰምቶ ማስረጃ እንደሌለው በራሱ ጆሮ ያረጋግጣል። ፕላዝማው ይህን ማድረግ አይችልም ነበር፤ ፕላዝማው የራሱን ድምፅ እንጂ የተማሪውን ድምፅ መልሶ አያሰማም።

ቀጥሎ ማስረጃ ፍለጋ ነው። ተማሪዎቹ ሦስት ቢርካ ዘንድ ሄደው ዋጋ ይጠይቁ፣ የወረፋውን ርዝመት በሰዓት ይያዙ፣ ባለቤቱ ሲፈቅድ ፎቶ ያንሱ። ከዚያ አንድ ገጽ ይጻፉ። ለወረዳው የሚሄደው በሶማሊኛ ይሁን፤ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚሄድ ከሆነ «ጉዳዩ፡-» ብሎ በአማርኛ፤ ለእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ደግሞ በእንግሊዝኛ። ተማሪው ተቀባዩ ሲለወጥ ቃሉም፣ ማስረጃው የሚቀመጥበት ቅደም ተከተልም እንደሚለወጥ ያያል። በመጨረሻ ደብዳቤው መዝገብ ቤት ይግባ፣ ማኅተም ይመታበት፣ የገቢ ቁጥር ይውጣለት። ቁጥሩ ክፍል ውስጥ ይለጠፍ። መልስ ሲመጣ ይነበብ፤ ካልመጣ ማስታወሻ ይጻፍ።

አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደብዳቤ ይጽፋል፣ ተማሪው ለምን ይደክማል የሚል ይኖራል። ማሽኑ ያማረ ዓረፍተ ነገር ይሰጠዋል፤ ባለፈው ማክሰኞ ቀብሪ በያህ ላይ አንድ በርሜል ውሃ ስንት እንደተሸጠ ግን አያውቅም። ጠይቆ የመጣው ልጅ ነው የሚያውቀው። በአካባቢ ማስረጃ ላይ የቆመ ጽሑፍ ለኩረጃ አይመችም፤ ከመቅዳት የሚከላከል ከዚህ የተሻለ ሶፍትዌር የለም።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው። «ልጆችን ፖለቲካ ውስጥ አትክተቱ» የሚለው። በጅጅጋ ይህ ፍርሃት ባዶ አይደለም። እስከ 2010 ዓ.ም. በነበረው የክልሉ አስተዳደር፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ በተናገረው አገር ቤት ያለ ቤተሰብ ይታሰር እንደነበር የሰብአዊ መብት ድርጅቶች መዝግበዋል። ዝም ማለት ልጅን የማሳደጊያ ጥበብ ሆኖ ቆይቷል። በሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በተቀሰቀሰው ሁከት ደግሞ ጅጅጋ ላይ ሰዎች ተገደሉ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ። ይህን ያየ ወላጅ ልጁ ስሙን ጽፎ ለባለሥልጣን ደብዳቤ እንዲልክ ባይወድ ማን ይፈርድበታል?

ስለዚህ ጥንቃቄው ከመጀመሪያው የአሠራሩ አካል መሆን አለበት። ጉዳዩ የአገልግሎት ይሁን፤ ውሃ፣ ቆሻሻ፣ መንገድ፣ የባጃጅ ፍጥነት። ደብዳቤው በአንድ ልጅ ስም ሳይሆን በክፍሉ ስም ይውጣ፣ ርዕሰ መምህሩ ሸኚ ይጻፍበት። የሰው ስም አይነሳ፣ ጎሳ አይነሳ። ቅጂው በማኅበራዊ ሚዲያ ሳይሆን በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ። በብዙ ቤት ስልክ የሚያዘው በወንዶች እጅ ስለሆነ መቅጃውን የምትይዘውም፣ ዋጋ ጠይቃ የምትመዘግበውም ሴት ተማሪ እንድትሆን ተራ ይያዝ።

የዝምታ አማራጭ ግን ደህንነት ተደርጎ መቆጠር የለበትም። ትምህርት ቤቱ ባያስተምረውም ልጁ ይጽፋል። ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ይጽፋል፤ ያውም «ሲሉ ሰማሁ» የሚለውን ሦስተኛውን ዓምድ ይዞ። መንግሥት በ2012 ዓ.ም. የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1185ን አውጥቷል። አዋጁ ያጠፋውን ይቀጣል። ወሬን ከማስረጃ መለየት ግን በቅጣት አይመጣም፤ በ14 ዓመት ዕድሜ፣ ሰሌዳ ፊት ቆሞ የሚለመድ ነገር ነው።

ውሳኔው የአዲስ አበባን ፈቃድ አይጠብቅም። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቋንቋና የ8ኛ ክፍል ፈተና በክልሉ እጅ ነው። የሶማሌ ክልል ትምህርት ቢሮ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሶማሊኛ ትምህርት ከተከታታይ ምዘናው ጥቂት ነጥብ ቀንሶ ለአንድ እውነተኛ ደብዳቤ ሊሰጥ ይችላል። ጅጅጋ ዩኒቨርሲቲና የከተማዋ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዕጩ መምህራንን በዚህ አሠራር ሊያለማምዱ ይችላሉ። ወረዳዎች ደግሞ ለተማሪ ደብዳቤ በተወሰነ ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጡ መመሪያ ይበቃቸዋል። «አይቻልም፣ ምክንያቱም በጀት የለም» የሚልም መልስ መልስ ነው፤ ልጁ ከእሱም ይማራል።

የክልሉ ወጣት በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ሌላው አገር ሲመርጥ መምረጥ አልቻለም፤ ተራው የደረሰው መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ድምፅ መስጠት በአምስት ዓመት አንድ ቀን ነው። ደብዳቤ ግን በማንኛውም ሰኞ ይጻፋል፤ 18 ዓመት እስኪሞላም አያስጠብቅም።

እንግዲህ በሚቀጥለው የታብሌት ርክክብ ሥነ ሥርዓት ላይ የተገኘ ጋዜጠኛ «ስንት ታብሌት ተከፋፈለ?» ከሚለው ጥያቄ ጎን ሌላ ሁለት ይጨምር። ዘንድሮ ከዚህ ትምህርት ቤት ስንት ደብዳቤ መዝገብ ቤት ገባ? ስንቱስ መልስ አገኘ?