የጣሪያው መከታ

የንባብ ክፍል፦ ዘዳግም 22፥8፤ ዘዳግም 24፥14-15፤ ያዕቆብ 5፥1-6



በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ውስጥ ብዙ ጊዜ ሳናስተውላት የምናልፋት አንዲት አጭር ትእዛዝ አለች። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ታዝዛለች። በእስራኤል ምድር የቤት ጣሪያ ጠፍጣፋ ነበር። ሰው ይወጣበታል፣ እህል ያሰጣበታል፣ ሲመሽ ነፋስ ይቀበልበታል። መከታ ከሌለው አንድ እንግዳ ወይም አንድ ሕፃን በጨለማ ተንሸራቶ ሊወድቅ ይችላል። ቃሉም እንዲህ ያለ ሰው ወድቆ ቢሞት የደሙ ዕዳ በቤቱ ላይ እንደሚሆን ያስጠነቅቃል። ባለቤቱ ሰውየውን ገፍቶ አልጣለውም፤ ምናልባትም ይወደው ነበር። በደሉ መሥራት የሚገባውን መከታ አለመሥራቱ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ትእዛዙ የሚሠራው ሰው ከመውደቁ በፊት ነው። ከወደቀ በኋላ ማልቀስና ለቤተ ሰቡ መዋጮ ማሰባሰብ መልካም ነው፤ እግዚአብሔር የጠየቀው ግን ከዚያ የቀደመ ነገር ነው። ሁለተኛ፣ ጉዳዩ ለባለቤቱ ደግነት አልተተወም። ደጉም ክፉውም እኩል እንዲታዘዙት ሕግ ሆኖ ተጻፈ። ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ የሚለው አምላክ፣ ይህ ፍቅር በድንጋይና በጭቃ ምን እንደሚመስልም አሳየን።

ይህን ያነሣነው ስለ ልብስ ፋብሪካዎች ልንነጋገር ስለ ፈለግን ነው። ይህ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው የሚል ወገን ቢኖር፣ የለበሰውን ልብስ አንገትጌ ገልብጦ ምልክቱን ይመልከት። ከሰልባጅ ተራ የተገዛ ሸሚዝም ይሁን ዘመድ ከውጭ የላከው ጃኬት፣ ብዙ ጊዜ ባንግላዴሽ፣ ፓኪስታን፣ ቬትናም ወይም ቻይና የሚል ጽሑፍ ያገኝበታል። የማናውቃት እኅት እጅ በየቀኑ ትከሻችን ላይ አለ።

ሳይወድቅ የተሰነጠቀው ሕንፃ

በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ አቅራቢያ፣ ሳቫር በምትባል ስፍራ፣ ራና ፕላዛ የሚባል ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ነበር። በታችኞቹ ፎቆች ሱቆችና ባንክ፣ በላይኞቹ ደግሞ አምስት የልብስ ፋብሪካዎች ነበሩበት። የላይኞቹ ፎቆች ያለ ተገቢ ፈቃድ የተጨመሩ ነበሩ። ሚያዝያ 15 ቀን 2005 ዓ.ም. በሕንፃው ላይ ትልልቅ ስንጥቆች ታዩ። አንድ መሐንዲስም አደጋ እንዳለ አስጠነቀቀ። ባንኩና ሱቆቹ ተዘጉ። የልብስ ሠራተኞቹ ግን በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ እንዲገቡ ታዘዙ። አንገባም ያሉት ደመወዛቸውን እንደሚያጡ ተነገራቸው። ኤሌክትሪክ ጠፋ፤ ላይ የተቀመጡት ከባድ ጄኔሬተሮች ተነሡ፤ ሕንፃው ተንቀጠቀጠና ተደረመሰ። 1,134 ሰዎች ሞቱ። ከሁለት ሺህ በላይ ቆሰሉ፤ አንዳንዶቹም እጅ ወይም እግራቸውን አጡ።

ይህን ታሪክ ስናነብ አንድ ነገር ከልባችን አልወጣ ብሏል። ስንጥቁን ያየው ሁሉም ነው፤ የባንኩ ሠራተኛም፣ የልብስ ሰፊዋም። የባንኩ ሠራተኛ ቤቱ እንዲቀር የሚያደርግ አሠራር ነበረው። ሰፊዋ ግን የወሩን ኪራይ ከምታጣ ብላ ገባች። ከአምስቱ ፋብሪካዎች በአንዱም የሠራተኛ ማኅበር አልነበረም፤ ስለዚህ ሁሉም ሆነው አንገባም ማለት አልቻሉም። እያንዳንዷ ለብቻዋ ከአለቃዋ ፊት ቆመች።

በዚያው ዓመት መጀመሪያ፣ እኛ እንቁጣጣሽን በምናከብርበት በመስከረም 1 ቀን፣ በፓኪስታን ካራቺ ከተማ አንድ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሠራተኞች አልቀዋል። መውጫዎች ተቆልፈው ነበር፤ መስኮቶቹም የብረት ፍርግርግ ነበራቸው። የሚያስደነግጠው ግን ፋብሪካው ከእሳቱ ጥቂት ሳምንታት በፊት ለሠራተኞች መልካም አያያዝ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ማግኘቱ ነው። ወረቀት ነበረው፤ መከታ ግን አልነበረውም።

የራሳችን ጥፋት

የሌላውን አገር ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ነገር እንናገር። ከዓመታት በፊት በአንድ የልብስ ፋብሪካ በሰፊነት የምትሠራ አንዲት ወጣት እኅት ለጸሎት ወደ ቢሯችን መጣች። በሌሊት ፈረቃ ልብስ እንዳይሰረቅ ተብሎ የአደጋ መውጫው በር በቁልፍ እንደሚዘጋ ነገረችን። «ፓስተር፣ ስፌት ላይ ሆኜ ዓይኔ ሁልጊዜ በሩ ላይ ነው» አለችን። እኛም መዝሙር 91ን አነበብንላት፣ እጃችንን ጭነን ጸለይንላት፣ «አይዞሽ፣ ጌታ ይጠብቅሻል፤ ታገሺ» ብለን ሸኘናት።

ጌታም ጠበቃት። በዚያ ፋብሪካ እሳት አልተነሣም፤ እርሷም ቆይታ ሌላ ሥራ አገኘች። እኛ ግን በማግስቱ ወደ ፋብሪካው ሄደን አንድ ጥያቄ አልጠየቅንም። ወደ ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮም አልደወልንም። ከእርሷ ጋር በዚያ ፈረቃ የሚገቡት ሌሎቹ ሴቶች ስንት እንደሆኑ እንኳ አልጠየቅናትም። ያን ቀን ያደረግነው ጸሎት ስሕተት አልነበረም፤ ዛሬም እንጸልየዋለን። ስሕተታችን ጸሎቱን በመከታው ፋንታ መጠቀማችን ነው። ጣሪያው ላይ ያለውን እንግዳ ጌታ እንዲጠብቀው እየጸለየ መከታውን የማይሠራ ባለቤት፣ በኦሪቱ ሕግ ንጹሕ አይባልም። ስለዚህ ነገር በጌታ ፊት ንስሐ ገብተናል።

ጥያቄው ፋብሪካው ይሸሻል የሚል ነው

በዚህ ርእስ ስንነጋገር አንዳንድ ወገኖች በቅንነት እንዲህ ይላሉ፦ «ደንብ ሲበዛ ባለሀብት ይሸሻል። ትንሽ ደመወዝ ከሥራ አጥነት ይሻላል። እነዚያ ልጆች ፋብሪካው ባይኖር የት ይሄዱ ነበር?» ይህ የጨካኞች ንግግር አይደለም። ሥራ ያጣ ልጅ ያለው አባት የሚናገረው ነው፤ ስለዚህ በአክብሮት ልንመልስ ይገባል።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ተስፋ ተደርጎበት ነበር። ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች በብዛት ገቡበት። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የሠራተኞቹ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ፣ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር አካባቢ እንደነበረና ልብስ ለዓለም ከሚያቀርቡ ዋና ዋና አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው መሆኑን ጻፉ። በባንግላዴሽ 95 ዶላር ነበር። በዚህ ደመወዝ ምግብና ኪራይ መቻል ስላልተቻለ ብዙዎቹ ሥራውን እየተዉ ሄዱ፤ ፋብሪካዎቹም ያሠለጠኑትን ሠራተኛ በየጊዜው እያጡ ተቸገሩ። እንግዲህ ርካሽነቱ ለባለ ፋብሪካውም አልበጀም። ኋላ በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ለኢትዮጵያ የሰጠችውን ከቀረጥ ነፃ ዕድል ስታግድ በሺዎች የሚቆጠሩ ሥራ አጡ። ይህ ያደረሰውን ኀዘን ስለምናውቅ፣ ፋብሪካዎቹ ይዘጉ ወይም ልብሳቸው አይገዛ አንልም። እኛ የምንለው ሥራውም ይኑር፣ በሩም ይከፈት፣ ደመወዙም ያብላ ነው።

ይህ እንደሚቻል ከባንግላዴሽ ማየት እንችላለን። ከራና ፕላዛ ጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2013፣ ትልልቅ ልብስ ገዢ ኩባንያዎችና የሠራተኛ ማኅበራት አንድ ስምምነት ፈረሙ። ከቀድሞዎቹ የምስክር ወረቀቶች የተለየው በሕግ የሚያስገድድ መሆኑ ነው፤ ቃሉን ያጠፈ ኩባንያ ይጠየቃል። ከ200 በላይ ኩባንያዎች ገቡበት። ነፃ መሐንዲሶች ከ1,600 በላይ ፋብሪካዎችን መረመሩ፤ ያገኙት ጉድለትም ለሕዝብ ይፋ ሆነ። የሚቆለፉ በሮች ተነሡ፣ የእሳት በሮች ተገጠሙ፣ ደካማ ምሰሶዎች ተጠናከሩ። ሠራተኛው አደጋ ካየ አልገባም የማለት መብት አገኘ። የአገሪቱ የልብስ ንግድ በዚህ ምክንያት አልፈረሰም፤ በቀጠሉት ዓመታት ወደ ውጭ የምትልከው ልብስ አደገ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 ግን በዚያው አገር ስምምነቱ በማይመለከተው አንድ የምግብ ፋብሪካ እሳት ተነሥቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ እዚያም የተቆለፈ መውጫ ነበር። መከታ የሚጠብቀው የተሠራበትን ጣሪያ ብቻ ነው።

ባለሀብት ይሸሻል የሚለው ፍርሃትም አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ከ190 ዓመታት ገደማ በፊት ሕፃናት በጥጥ ፋብሪካ ከንጋት እስከ ምሽት ሲሠሩ፣ ሰዓታቸው በሕግ ይወሰን ብሎ በፓርላማ ከተከራከሩት መካከል ሎርድ ሻፍትስበሪ አንዱ ነበር። እርሱ እንደ እኛ ወንጌላዊ ክርስቲያን ነበር፤ የጌታን ዳግም ምጽአት በናፍቆት ይጠባበቅ ነበር። ያን ጊዜም ኢንዱስትሪው ይሞታል ተብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1833 የወጣው ሕግ የፋብሪካ ተቆጣጣሪዎችን አስገኘ፤ በ1847 የወጣው ደግሞ የሴቶችንና የወጣቶችን ሥራ በቀን በአሥር ሰዓት ወሰነ። ኢንዱስትሪው አልሞተም። ስለዚህ የፋብሪካ ደንብ የዓለማውያን ጉዳይ ነው የሚል ወገን የራሱን የእምነት አባቶች ታሪክ ቢያይ መልካም ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ያዕቆብ በመልእክቱ ያልተከፈለ የሠራተኛ ደመወዝ ራሱ ድምፅ አውጥቶ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ወደ ሠራዊት ጌታ ጆሮ እንደሚደርስ ይናገራል። ይህ የተጻፈው ለጉባኤ ነው። እንግዲህ ከጉባኤ እንጀምር።

አንደኛ፣ ከራሳችን ቤት። ቤተ ክርስቲያናችን ለጥበቃው፣ ለጽዳት ሠራተኛዋና ለመዝሙር ክፍሉ ልብስ ለሰፋው ልብስ ሰፊ ምን ትከፍላለች? መቼ ትከፍላለች? ኦሪት የድሃውን ደመወዝ ፀሐይ ሳትገባ ስጥ ሲል፣ እኛ «የበጀት ዓመቱ ይለፍ» እያልን ወራት አስቆጥረን ይሆናል። ለኮንፈረንስ በመቶ የሚቆጠር ቲሸርት ስናሠራ ዋጋ እስኪረክስ ከመከራከር በፊት የሰፊዎቹ ድርሻ ስንት እንደሆነ እንጠይቅ።

ሁለተኛ፣ በመካከላችን ፋብሪካ፣ ወርክሾፕ ወይም ሱቅ ያላችሁ ወገኖች፣ በዚህ ሳምንት የአደጋ መውጫችሁን በእጃችሁ ገፍታችሁ ሞክሩት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን (ቁጥር 1156/2011) አንብቡ። በቀን ስምንት፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይላል፤ ለወለደች እናት 120 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ጳውሎስ ለጌቶች ሲጽፍ እነርሱም በሰማይ ጌታ እንዳላቸው ያሳስባቸዋል (ቆላ. 4፥1)።

ሦስተኛ፣ በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁና ድምፅ ያላችሁ ወገኖች፣ ይኸው አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ደንግጓል። ሕጉ ከወጣ በኋላ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ሳይኖር ዓመታት አልፈዋል። ይህን መጠየቅ ፖለቲካ ሳይሆን መከታ መጠየቅ ነው።

አራተኛ፣ እኛ እረኞች። ሠራተኛ ምእመን ለጸሎት ሲመጣ እንጸልይ፤ ከዚያም በሩ ክፍት ነው ወይ ብለን እንጠይቅ። ክፍት ካልሆነ አብረን እንሂድ።

ይህን የምታነቡ፣ ገና በእምነት ጥያቄ ላይ ያላችሁ ወዳጆቻችን፣ የክርስትና አምላክ ስለ ነፍስ ብቻ የሚያስብ ከመሰላችሁ ወደ ዘዳግም 22 ተመለሱ። ስለ ጣሪያ ጫፍ የሚያስብ አምላክ ነው። ልጁም በናዝሬት የአናጺ ቤት አደገ፤ የድካምን ላብ በራሱ ግንባር ያውቀዋል። በመስቀል ላይ የሞተውም ለሰፊዋም ለባለ ፋብሪካውም ነው፤ ሁለቱም በእርሱ ፊት እኩል ይቆማሉ።

ጌታ ሆይ፣ ስንጥቁን አይተን ዝም ያልንበትን ቀን ይቅር በለን። በዚህች ሰዓት በስፌት መኪና ፊት ለተቀመጡት እኅቶቻችን ጠባቂ ሁን፤ እኛንም መከታውን የምንሠራ አድርገን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።