ቴስተርህን አውጣ!

እኛ ሰዎች በስም መሞኘትን መቼ ነው የምንተወው? ይኸውላችሁ...

አጎቴ (ነፍሱን ይማረውና) በንጉሡ ዘመን አሜሪካ ተምሮ ሲመለስ ዳይናኮ ስቴሪዮ 70 የሚባል አምፕሊፋየር ይዞ መጣ። በ1959 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ የዋለ፣ በግራም በቀኝም 35 ዋት የሚያወጣ፣ እንደ አምፖል በሚግሉ የመስታወት ቫልቮች የሚሠራ ዕቃ ነው። ከ220 ወደ 110 በምታወርድ ትራንስፎርመር እየተሰካ ስንት ሠርግና ስንት እንቁጣጣሽ አድምቋል መሰላችሁ!

አጎቴ ከሞተ በኋላ ድምፁ ሰለለ። ባለቤቱ "ለልጆቹ መታሰቢያ ይሁን" ብለው ሠሪ አስጠሩ። ሠሪው ድምፅ የሚያጎሉትን አራቱን ትልልቅ ቫልቮች (ኢኤል34 ይባላሉ) አየና "ሙላርድ የሚል ካልተጻፈበት እንዳትገዙ፤ ሌላው ገለባ ነው" ብሎ ፈረደ። ሴትየዋ በጡረታ አበል የሚኖሩ ናቸው። ውጭ ያለችው ልጃቸው ተለምና ላከች። ሰውየው ሰካቸው፣ ዘፈን ከፈተ፣ ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ቴስተር የሚባል ነገር ከቦርሳው አልወጣም።

በሦስተኛው ሳምንት አንዱ ቫልቭ ሆዱ ውስጥ ያለው ብረት እንደ ፍም ቀላ። ቀጥሎ ጭስ። ወደ ስፒከር የሚያስተላልፈው ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ቫልቭስ ይገዛል፤ ያንን አዲስ አበባ ውስጥ ከየት ታመጣዋለህ?

አሁን ወደ ስሙ እንምጣ። እንግሊዝ አገር ብላክበርን የነበረው የሙላርድ ፋብሪካ ቫልቭ መሥራት ካቆመ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። ዛሬ በዚያ ስም የሚሸጠው አዲሱ ቫልቭ ሩሲያ፣ ሳራቶቭ ከተማ የሚሠራ ነው፤ የንግድ ስሙን የያዘው ደግሞ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። ታንግ ሶልም ሶቭቴክም የሚወጡት ከዚያው ቤት ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ማለት ይኼ አይደል! ቫልቩ መጥፎ ነው አልወጣኝም፤ ደህና ነው። ግን የብላክበርኑ ልጅ አይደለም። "የድሮውን ራሱን አገኘሁ" የሚል ካለም ከመስታወት ላይ ጽሑፍ ተፍቆ ሌላ እንደሚታተም ይወቅ።

ገለባውን ከፍሬው የሚለየው ልኬት ነው። አራቱ ቫልቮች እኩል ከረንት የሚስቡ ሆነው ተመርጠው ይገዛሉ። ከዚያ ሠሪው ባያሱን ያስተካክላል። ዳይናኮ ይህንን አስቦ ፊት ለፊት መለኪያ ቀዳዳ ሠርቶለታል፤ ቴስተሩ 1.56 ቮልት እስኪል በካቻቪቴ ማዞር ነው። አንድ ቡና ተፈልቶ እስኪቀዳ እንኳ አይፈጅም። ከዚያ በፊት ግን ዕድሜ ጠገቦቹ ካፓሲተሮች ይታዩ። ሲያረጁ ከረንት ያሾልካሉ፤ ቫልቩን የሚገታውን ኔጋቲቭ ቮልት ያጠፉበታል። ያኔ 25 ዋት እንዲሸከም የተሠራ ቫልቭ ልጓም እንደሌለው ፈረስ ይጋልባል። ከሩሲያ ይምጣ ከስሎቫኪያ፣ ሙላርድ ይባል ጄጄ፣ መቅላቱ አይቀርም።

ታዲያ ወንድሜ፣ ሙያህ ይኼ ከሆነ የፋብሪካ ስም ምን አስጠራህ? ቴስተርህን አውጣ እንጂ!

የአጎቴ ባለቤት የተረፉትን ሦስት ቫልቮች ከነካርቶናቸው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል። ባለፈው ቡና ስንጠጣ፣ "ልጄ፣ እነዚህ ይሸጡ ይሆን? ስም ያላቸው ናቸው እኮ" አሉኝ።