የባዮፕሲ ውጤት መርዶ አይደለም

በየቤታችን የወላጆቻችን አስተርጓሚ እኛ ነን። የኩፓት ሆሊም ቀጠሮ የምንይዘው እኛ፣ የምርመራ ውጤት የሚመጣው በእኛ ስልክ፣ የሐኪሙን ዕብራይስጥ ወደ አማርኛ የምንመልሰውም እኛ ነን። ጉዳዩ የደም ምርመራ ወይም መነጽር ከሆነ አይከብድም። «ቢዮፕሲያ» የሚለው ቃል ሲመጣ ግን በብዙ ቤት አንድ ዓይነት ነገር ይሆናል። ልጆች ይሰበሰባሉ፣ በዕብራይስጥ ይንሾካሾካሉ፣ ከዚያም ለታማሚዋ «ምንም አይደለም፣ ትንሽ ቁስል ናት አሉ» ይባላል። ይህ ልማድ ከፍቅር የመጣ መሆኑን ማንም አይክድም። ቢሆንም ሊቀር ይገባል እላለሁ።

በመጀመሪያ ምርመራው ምን እንደሆነ እንወቅ። ባዮፕሲ ማለት ከተጠረጠረው ቦታ ጥቂት ሥጋ ወስዶ በማይክሮስኮፕ መመርመር ነው። ናሙናው እንዳይበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል። ከዚያ በሰም ተደርጎ ይደርቅና 4 ማይክሮን ያህል እስኪሳሳ ይቆረጣል፤ ይህ ከጠጉር ውፍረት ከአሥር እጥፍ በላይ የቀጠነ ነው። ሄማቶክሲሊን የተባለው ቀለም የሕዋሱን አስኳል ወይን ጠጅ ያደርገዋል፤ ኢዮሲን የተባለው ደግሞ የቀረውን ሮዝ። ፓቶሎጂስቱ የሕዋሶቹን ቅርጽና አደራደር፣ ድንበራቸውን ጥሰው መሄድ አለመሄዳቸውን ያያል። አልትራሳውንድና ሲቲ እብጠት መኖሩን ያሳያሉ፤ እብጠቱ ምን እንደሆነ ቁርጡን የሚናገረው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህ ናሙና ነው።

ደግሞም ባዮፕሲ ሁሉ ካንሰር ማለት አይደለም። ከጨጓራ የሚወሰደው ናሙና ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ሄሊኮባክተር የተባለውን ባክቴሪያ ነው፤ እሱ በአንቲባዮቲክ ይድናል። አንገት ላይ ያበጠ ንፍፊት የሳንባ ነቀርሳን የሚያመጣው ተሕዋስ ሊሆን ይችላል፤ ሊምፎማ የሚባለው ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ያከሳሉ፣ ሌሊት ያስልባሉ፣ ያተኩሳሉ። መድኃኒታቸው ግን ፈጽሞ አይገናኝም። ሥጋው ሳይታይ የሚሰጥ ሕክምና ግምት ነው።

እዚህ ላይ የቋንቋው ወጥመድ ይመጣል። በአማርኛ «ነቀርሳ» ስንል አንዱ ካንሰር ብሎ ይሰማል፣ ሌላው ቲቢ። በዕብራይስጥ «ጊዱል» ዕጢ ነው፤ ዕጢው «ሻፊር» ከሆነ የማይዛመት፣ «ማምኢር» ከሆነ ካንሰር ነው። «ሒዩቪ» የሚለውን «ጥሩ ነው» ብሎ የሚተረጉም ልጅ አለ፤ በምርመራ ወረቀት ላይ ግን ብዙ ጊዜ «የተፈለገው ነገር ተገኝቷል» ማለት ነው። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ዕብራይስጥ የምናነብ ሰዎች ሳንቀር በእነዚህ ቃላት እንሰናከላለን። እንግዲህ ሆን ብለን ስናለሳልሳቸው ምን ይተርፋል?

ብዙ ወላጆቻችን «ብረት ከነካው ይሰራጫል» ብለው ይፈራሉ። ይህን ፍርሃት በሳቅ አንለፈው፤ ከሚታይ ነገር የመጣ ነው። ሐኪም ቤት ሩቅ በነበረበት ዘመን ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው በሽታው ከገፋ በኋላ ነበር። ቢላ ከነካው በኋላ ሲሞት ጥፋቱ የብረቱ ይመስላል። እውነቱ ግን የገደለው መዘግየቱ ነው። በናሙና መርፌ ምክንያት ካንሰር መዛመቱ በጣም አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ያ ሥጋት ባለባቸው ጥቂት ዓይነት ዕጢዎች ሐኪሞች አስቀድመው ይጠነቀቃሉ። ይህን ለአባታችን ማስረዳት የምንችለው ግን ስለ ምን እንደምንነጋገር ከነገርነው ብቻ ነው።

ሕጉም ከእኛ ልማድ ጋር አይስማማም። በ1996 የወጣው የእስራኤል የታማሚዎች መብት ሕግ፣ ታማሚው ለሕክምና ፈቃዱን ሲሰጥ በሽታው ምን እንደሆነ ማወቅ አለበት ይላል። ሐኪም አንድን ነገር ከታማሚው ልሸሽግ ቢል እንኳ፣ ማወቁ ከባድ ጉዳት ሊያመጣበት እንደሚችል የሥነ ምግባር ኮሚቴ ማረጋገጥ አለበት። እስቲ እናስበው፤ ፕሮፌሰሩ ያለ ኮሚቴ የማያደርገውን እኛ በሆስፒታል ኮሪደር ቆመን በሁለት ደቂቃ እንወስነዋለን።

ጉዳቱም በወረቀት ላይ የሚቀር አይደለም። የጡት ካንሰር ናሙና ሲመረመር ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ መሆኑ ከታወቀ፣ ሴትዮዋ ሆርሞኑን የሚከለክል ኪኒን 5 ዓመትና ከዚያም በላይ ትወስዳለች። «ለቁስሏ ነው» የተባለች እናት ቁስሉ ሲደርቅ ኪኒኑን ብትተው ምን ይፈረድባታል? እሷ የምታውቀው ቁስል ድኗል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የምንል ሕዝብ ነን። በሽታው ከራሱ ከታማሚው የተደበቀ ዕለት ተረቱ ለእኛም ይሠራል።

«ባህላችን ነው፣ ክፉ ወሬ እንዲሁ አይነገርም» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ዘመድ ይሰበሰባል፣ ብዙ ጊዜም ጎሕ ሲቀድ ይረዳል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ መርዶ በመጨረሻው ይነገራል። አባቶቻችን የተጠነቀቁት በሰዓቱ፣ በሰዉና በአነጋገሩ ነው እንጂ እውነቱን ለዘለዓለም ለመቅበር አልነበረም። ከዚህ ልማድ የምንወስደው ጥንቃቄውን ነው። የባዮፕሲ ውጤት ደግሞ መርዶ እንኳ አይደለም። መርዶ ካለቀ በኋላ የሚመጣ ወሬ ነው፤ ውጤት ግን ሥራ የሚጀመርበት ነው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ናሙናው ከመወሰዱ በፊት ወላጃችንን እንጠይቅ፦ «አባባ፣ ውጤቱ ሲመጣ ለእርስዎ ይነገር ወይስ መጀመሪያ ለማን? ማን አብሮዎት እንዲሆን ይፈልጋሉ?» ዝርዝሩን አልሻም የሚል አባት ይኖራል፤ ያም ፈቃዱ ነው። ልዩነቱ የመረጠው እሱ መሆኑ ላይ ነው። ውጤቱ ስልካችን ላይ ሲገባ ቀጠሮው ሳይደርስ ብቻችንን ተርጉመን አንፍረድ። ሐኪሙ ጋ ስንገባም አስተርጓሚ እንጠይቅ። የጤና ሚኒስቴር በ2011 ያወጣውና በ2013 ሥራ ላይ የዋለው መመሪያ፣ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋም በባህልም ለታካሚው እንዲያመቻቹ ያዛል። አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም።

አስተርጓሚው ሲገባ የእኛ ሥራ አያልቅም፤ እንዲያውም ይስተካከላል። የዚያን ጊዜ የወላጃችንን እጅ ይዘን መቀመጥ እንችላለን። ልጅ መሆን ማለት እሱ ነው።